ጎማ ከመፈንዳቱ በፊት ሊታወቅ የሚገባው ነገር

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ፥ ስለ ምግብ ንጽሕናና ስለ ቤት አያያዝ ማንበብ የለመዱ ሰዎች ዛሬ ስለ መኪና ጎማ የተጻፈ ነገር ሲያገኙ፥ ይህስ የጋራዥና የሾፌር ጉዳይ ነው እንጂ የቤተ ሰብ ጉዳይ አይደለም ይሉ ይሆናል። ነገር ግን በፋሲካ ወይም በመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ቆሞ የተመለከተ ሰው ጉዳዩ የማን እንደ ሆነ በቶሎ ይረዳዋል። ከሰኞ እስከ ዐርብ የመሥሪያ ቤት ዕቃና ወረቀት ስታመላልስ የሰነበተችው፥ ከፊቷ ለሰው ከኋላዋ ለጭነት የተሠራችው ፒክ አፕ መኪና በበዓል ዋዜማ የቤተ ሰብ ትሆናለች። ከፊት አባወራው፥ ከእርሱ ቀጥሎ እመቤቲቱና ልጆቹ፥ ከኋላ ደግሞ የጤፍ ጆንያ፥ የታሰረ በግ፥ ፍራሽ፥ ከዚያም በላይ እግረ መንገዳችሁን አድርሱን ያሉ ሁለትና ሦስት ዘመዶች ይሣፈሩባታል። ይህ ሁሉ ክብደት መሬትን የሚነካው በአራት ስፍራ ብቻ ነው፤ የእያንዳንዱም ስፍራ ስፋት አንድ ሰው ሁለት መዳፉን ጎን ለጎን ቢዘረጋ ከሚሸፍነው ብዙ አይበልጥም።

በመንገድ አደጋ ደርሶ «ጎማ ፈንድቶ ነው» ከተባለ ጥያቄው በዚያው ያበቃል። ሰው ሁሉ ራሱን ነቅንቆ፥ ምን ይደረጋል፥ የታዘዘ ነው ብሎ ያልፋል። የሾፌሩ ፍጥነት ይመረመራል፤ መጠጥ ጠጥቶ እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ ጎማው ግን እንደ መብረቅ ከሰማይ የወረደ ነገር ሆኖ ይቈጠራል። እውነቱ እንዲህ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጎማ የሚፈነዳው በድንገት ሳይሆን፥ በሳምንታትና በወራት ውስጥ በዝግታ እየታመመ ከቈየ በኋላ ነው። ሕመሙም የታወቀ ምክንያትና የታወቀ ምልክት አለው። ጥዋት መኪናው ሳይነሣ ዐሥር ደቂቃ የሚሰጥ ሰው ሕመሙን ሊደርስበት ይችላል። ይህን ለማስረዳት አስቀድመን ጎማ ምን እንደ ሆነ፥ ቀጥሎም በአሜሪካ አገር ሁለት ታላላቅ ቤቶችን ስላለያየ ስለ አንድ የጎማ ጣጣ እንናገራለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ ኋላ እንደምንገልጸው ጎማው ራሱ የልደት ዘመኑን የሚናገረው በዚሁ አቈጣጠር ነውና።

በነፋስ የሚሞላው ጎማ ከመነሻውም በቤተ ሰብ መካከል የተወለደ ነገር ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ ስኮትላንዳዊ በአየርላንድ ደሴት በቤልፋስት ከተማ የሚኖር የእንስሳት ሐኪም ነበረ። ትንሽ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱን በድንጋይ መንገድ ላይ ሲነዳ እየተንገጫገጨ ተቸገረ። አባትዮውም ስስ የጎማ ቧንቧ ነፋስ ሞልቶ በመንኰራኵሩ ዙሪያ አሠረለትና የልጁ ጕዞ ለሰለሰ። በ1888 ዓ.ም. ይህን ሥራ በስሙ አስመዘገበ። ከእርሱ ከ40 ዓመት በላይ አስቀድሞ በ1845 ሮበርት ቶምሰን የተባለ ሌላ ስኮትላንዳዊ ያንኑ ሐሳብ አስመዝግቦት ነበር፤ ነገር ግን መንገዱም መኪናውም ገና ስላልደረሰ ተረስቶ ቀርቶ ነበር። ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ጭነቱን የሚሸከመው ላስቲኩ አይደለም፥ ነፋሱ ነው። ላስቲኩ የነፋሱ ከረጢት ነው። ነፋስ የጐደለው ጎማ እንደ ጐበጠ ሽማግሌ በእያንዳንዱ እርምጃ ከዐቅሙ በላይ ይታጠፋል።

ዛሬ የሚሠራውን ጎማ በመጋዝ ቈርጦ ውስጡን ያየ ሰው አንድ ወጥ ላስቲክ አለመሆኑን ይረዳል። ከውስጥ ነፋስ እንዳያፈስ የሚከለክል ስስ ንጣፍ አለ። በላዩ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን የሚዘረጋ የክር ንጣፍ ይሆናል። ከዚያም በላይ እንደ መቀነት ዙሪያውን የሚጠመጠሙ ሁለት የብረት ሽቦ ንጣፎች አሉ፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ መቀነት እንላቸዋለን። ከሁሉ በላይ መሬት የሚረግጠው ጥርስ የምንለው ክፍል ይደረባል። ላስቲክ ከብረት ጋራ በተፈጥሮው አይስማማም፤ ስለዚህ ፋብሪካዎች የብረቱን ሽቦ በነሐስ ይለብጡታል፥ በላስቲኩም ውስጥ ያለው ድኝ በእሳት ኀይል ከነሐሱ ጋራ ተዋሕዶ ሁለቱን ያጣብቃቸዋል። ነገር ግን መቀነቱ በልክ ሲቈረጥ የሽቦው ጫፍ ነሐስ ያልነካው ባዶ ብረት ሆኖ ይቀራል። በዚያ ጫፍ ላስቲኩና ብረቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ እንጂ አልተጋቡም ማለት ነው። የጎማ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ከመቀነቱ ዳርና ዳር ነው።

መኪናይቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሮጥ እያንዳንዱ ጎማ በደቂቃ ውስጥ ከ700 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ በዞረ ቍጥርም መሬት የሚነካው ክፍል ተጫምቆ መልሶ ይዘረጋል። ሽቦን በእጁ ደጋግሞ ያጠፈ ሰው ማጠፊያው እንደሚሞቅ ያውቃል፤ ጎማም እንዲሁ ነው። ነፋሱ ከጐደለ፥ ጭነቱ ከበዛ፥ ፍጥነቱ ከጨመረ፥ አየሩም ቆላ ከሆነ፥ አራቱ ተባብረው ሙቀቱን ያበዙታል። ሙቀቱ በመቀነቱ ዳር ያለውን ላስቲክ ያደርቀዋል፤ ከፀጕር የቀጠነች ስንጥቅ ትፈጠራለች፤ ያች ስንጥቅ ዙሪያውን ትሄድና ወደ ውስጥ ተመልሳ በሁለቱ መቀነቶች መካከል ትገባለች። በውጭ የሚታይ ነገር አይኖርም። አንድ ቀን በረዥም ሜዳ ላይ በቀትር መኪናይቱ ስትከንፍ፥ የላይኛው መቀነት ከነጥርሱ እንደ ልጣጭ ተገሽልጦ ይወረወራል። በመንገድ ዳር እንደ ሞተ እባብ ተጋድሞ የምናየው ረዥም የጎማ ቍራጭ ይህ ነው። አንዳንድ ጊዜ ጥርሱ ሲሄድ ነፋሱ በቀረው አካል ውስጥ ይቈያል፤ አንዳንድ ጊዜም በዚያው ቅጽበት ይፈነዳል።

አሁን ወደ አሜሪካው ታሪክ እንለፍ።

ሄንሪ ፎርድ በዲትሮይት መኪና ሠሪ፥ ሃርቪ ፋየርስቶን በኦሃዮ ግዛት በአክረን ከተማ ጎማ ሠሪ ነበሩ። ፋየርስቶን ኩባንያውን በ1900 አቋቁሞ በ1906 ለፎርድ መኪናዎች ጎማ ማቅረብ ጀመረ። ሁለቱ ሰዎች በንግድ ብቻ ሳይወሰኑ የልብ ወዳጆች ሆኑ፤ ከቶማስ ኤዲሰን ጋራ ሆነው በየክረምቱ ዕረፍታቸው ድንኳን ተክለው በዱር ይሰነብቱ ነበር። በ1947 የፎርድ የልጅ ልጅ ዊልያም ክሌይ ፎርድ የፋየርስቶንን የልጅ ልጅ ማርታ ፓርክ ፋየርስቶንን አገባ፤ እንዲህም ሆኖ የመኪናው ቤትና የጎማው ቤት በጋብቻ ተሳሰሩ። በ1988 የፋየርስቶን ኩባንያ ብሪጅስቶን ለተባለው ለጃፓን ኩባንያ ቢሸጥም ለፎርድ ጎማ ማቅረቡ አልተቋረጠም። (የብሪጅስቶን ስም ራሱ የሚገርም ነው፤ የመሥራቹ የኢሺባሺ ስም በጃፓንኛ የድንጋይ ድልድይ ማለት ሲሆን፥ እርሱ በእንግሊዝኛ ተርጕሞ ገልብጦ የድልድይ ድንጋይ አሰኘው።)

ፎርድ ሬንጀር የምትባል ፒክ አፕ ነበረችው። በ1990 የዚህችን ፒክ አፕ አካል መሠረት አድርጎ፥ ከኋላዋ በጭነት ፈንታ መቀመጫና ጣሪያ ያላት ኤክስፕሎረር የተባለች የቤተ ሰብ መኪና አወጣ። ቤተ ሰብ ሁሉ ወደዳት። ለኤክስፕሎረር፥ ለሬንጀርና ለሌሎችም የፎርድ ፒክ አፖች ከተሰጡት ጎማዎች መካከል የፋየርስቶን ኤ ቲ ኤክስና ዊልደርነስ ኤ ቲ የተባሉት ነበሩ። ፎርድ ለኤክስፕሎረር ጎማ የወሰነው የነፋስ ልክ ፒ ኤስ አይ በሚባለው መስፈሪያ 26 ነበረ። ነፋሱ ዝቅ ሲል ጕዞው ይለሰልሳል፥ ከፍ ያለችው መኪናም በመታጠፊያ ላይ ትረጋጋለች ተብሎ ነው። ፋየርስቶን ግን ኋላ ነገሩ ከፈነዳ ወዲያ 30 ይሁን አለ። በ26ና በ30 መካከል ያለው ልዩነት በቃል ሲነገር ትንሽ ይመስላል።

ምልክቱ አስቀድሞ ታይቶ ነበር። በ1998 የአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ መርማሪ የጎማ ጥርስ የተገሸለጠባቸውን 21 አደጋዎች ሰብስቦ ለአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አስታወቀ፤ ምርመራ ግን አልተከፈተም። በ1999 ፎርድ በሳዑዲ ዓረቢያና በባሕረ ሰላጤው አጠገብ ባሉ አገሮች ጎማዎቹን በሌላ ጎማ መለወጥ ጀመረ፤ የበረሃው ሙቀት ሕመሙን ቀድሞ አውጥቶት ነበርና። ይህንንም ለአሜሪካ መንግሥት የሚያስታውቅበት ሕግ በዚያን ጊዜ አልነበረም። ነገሩ ለሕዝብ ጆሮ የደረሰው በ2000 መጀመሪያ በቴክሳስ ግዛት የሂዩስተን ቴሌቪዥን ጣቢያ ባወጣው ዘገባ ነው። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ያለ ሰው አቤቱታውን አመጣ፤ መሥሪያ ቤቱም ምርመራ ከፈተ። ነሐሴ 3 ቀን 1992 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፥ ይኸውም በ9 ኦገስት 2000፥ ፋየርስቶን 6 ሚሊዮን ተኩል ጎማ ከመንገድ እንዲሰበሰብ አወጀ። መሰብሰቡም በሙቀት ከታወቁት ከአሪዞና፥ ከካሊፎርኒያ፥ ከፍሎሪዳና ከቴክሳስ ጀመረ። በአሜሪካ ብቻ መሥሪያ ቤቱ ከጎማዎቹ ጋራ የተያያዘ 271 ሞትና ከ800 በላይ ቍስለኛ መዘገበ። ከሞቱት መካከል ከነቤተ ሰባቸው የሚጓዙ ሰዎች ነበሩ፤ መኪናይቱ የተሠራችው ለዚያ ነበርና።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ክርክር ለማንኛውም የመሥሪያ ቤት ሹም የሚያሳስብ ነው። ፎርድ ጥፋቱ የጎማው ነው አለ። ፋየርስቶንም ጎማ በብዙ መኪና ላይ ይገሸለጣል፤ ይህች መኪና ብቻ ናት ፈጥና የምትገለበጠው ብሎ መለሰ። የመንግሥት መርማሪዎች በ2001 ባወጡት ውጤት የጎማው የትከሻ አሠራር በመቀነቱ ዳር ላይ ብዙ ጫና እንደሚያመጣ፥ በሁለቱ መቀነቶች መካከል የሚገባውም ላስቲክ ደካማ እንደ ነበረ ገለጡ፤ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ተጨማሪ ጎማም እንዲሰበሰብ ሆነ። ሌላም ነገር ታወቀ። ከታመሙት ጎማዎች ብዙዎቹ የተሠሩት በኢሊኖይ ግዛት በዲኬተር ከተማ በሚገኘው ፋብሪካ ነው። በዚያ ፋብሪካ በ1994ና በ1995 ሠራተኞች በደመወዝና በሥራ ሰዓት ጉዳይ አድማ መትተው፥ ኩባንያው በፈንታቸው ሌሎችን ቀጥሮ ነበር። አላን ክሩገርና አሌክሳንደር ማስ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የጎማዎቹን የትውልድ ቀን ከአድማው ቀን ጋራ አመሳክረው በ2004 ባሳተሙት ጥናት፥ ጉድለቱ በጣም የበዛው ክርክሩ በጋለበትና የተጣሉት ሠራተኞች ተመልሰው ከተተኪዎቻቸው ጋራ ጎን ለጎን በሠሩበት ጊዜ እንደ ሆነ አሳዩ። በሥራ ቤት ውስጥ ያለ ቂም በላስቲክና በብረት መካከል ገብቶ ከዓመታት በኋላ በሩቅ መንገድ ላይ የሰው ልጅ ገደለ ብንል ከእውነት አንርቅም።

የፋየርስቶን ሹም ማሳቶሺ ኦኖ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ፤ ብዙም ሳይቈዩ ሥራቸውን ለቀቁ። በ2001 በግንቦት ወር ፋየርስቶን ከእንግዲህ ለፎርድ በአሜሪካ ጎማ አላቀርብም ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፤ ፎርድም በማግሥቱ 13 ሚሊዮን ጎማ በራሱ ወጪ እንደሚለውጥ አስታወቀ። ሊሞላ ጥቂት ዓመታት የቀሩት የመቶ ዓመት ወዳጅነት በዚህ ፈረሰ። የፎርድ ዋና ሥራ አስኪያጅ ዣክ ናሰር በዚያው ዓመት ከሥልጣን ተነሡ፤ በስፍራቸው የተተኩት ዊልያም ክሌይ ፎርድ ታናሹ በ1947 ከተጋቡት የተወለዱ፥ በአባታቸው የሄንሪ ፎርድ በእናታቸው የሃርቪ ፋየርስቶን የልጅ ልጅ ልጅ ነበሩ። በአንድ ሰው ደም ውስጥ ሁለቱም ባለጉዳዮች ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። የዲኬተር ፋብሪካ በዓመቱ መጨረሻ ተዘጋ፤ 1,500 ያህል ሠራተኞችም ሥራ አጡ።

ከዚህ ሁሉ የተረፈ ሕግ አለ። በ2000 በኖቬምበር ወር የጸናው የአሜሪካ ሕግ፥ መኪናና ጎማ ሠሪዎች በውጭ አገር ስለ ደኅንነት የሚያደርጉትን መሰብሰብ ሁሉ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለመንግሥት እንዲያስታውቁ አዘዘ። ደግሞም ጎማ ነፋስ ሲጐድልበት ሾፌሩን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ እንዲደረግ አዘዘ፤ ይህም ከ2007 ሴፕቴምበር ጀምሮ ለትንንሽ መኪናዎች ሁሉ ግዴታ ሆነ። ብዙ አንባቢዎቻችን በመኪናቸው መሪ ፊት ለፊት የፈረስ ኮቴ የመሰለ በመካከሉ የቃል አጋኖ ያለበት ብጫ መብራት አይተው ይሆናል። ያ መብራት የእነዚያ ሙታን መታሰቢያ ነው ቢባል ይገባል። ነገር ግን ማስተዋል ያስፈልጋል። ሕጉ መብራቱ እንዲበራ የሚያስገድደው ነፋሱ ከተወሰነለት ልክ በ25 ከመቶ ሲጐድል ነው። ልኩ 35 የሆነ ጎማ 26 እስኪደርስ ድረስ መብራቱ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ መብራቱ የእሳት ጩኸት እንጂ የዕለት ምርመራ አይደለም።

ታዲያ በእኛ አገር መንገድ ላይ ከነቤተ ሰቡ የሚጓዝ ሰው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ የነፋሱን ልክ ከሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ያንብብ። በጎማው ጎን ላይ የተቀረጸው ትልቅ ቍጥር ጎማው ሊችለው የሚቻለው የመጨረሻው ልክ ነው እንጂ ለመኪናይቱ የተወሰነው አይደለም፤ ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል። ለፒክ አፕ ብዙ ጊዜ ሁለት ልክ ይጻፋል፤ አንዱ ባዶዋን ስትሄድ፥ ሁለተኛው ጭነት ስትይዝ። የኋላ ጎማዎች ጭነት ሲያዙ የሚፈልጉት ነፋስ ከባዶው ይበልጣል። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሳምንቱን ባዶዋን ስትሄድ በሰነበተችበት ነፋስ በዋዜማው ጆንያና ሰው ተጭኖባት ከወጣች፥ ሕመሙ ያን ዕለት ይጀምራል።

ምርመራው በጥዋት ጎማው ሳይሞቅ፥ መኪናይቱ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመች በኋላ ይሁን። ሙቀት ነፋሱን ስለሚያሳብጠው በቀትር የተለካ ልክ ሐሰተኛ ነው። አንዳንድ ሾፌሮች ወደ ቆላ ሲወርዱ፥ ሙቀቱ እንዳያፈነዳው ብለው ነፋስ ይቀንሳሉ። ይህ እጅግ የሚጎዳ ልማድ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰመራ የሚወርድ ሰው ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ በታች ያለው የውጭ አየር ወፍራም ስለ ሆነ በመለኪያው የሚታየው የነፋስ ልክ 3 ፒ ኤስ አይ ያህል ዝቅ ይላል። የቆላው ሙቀት ደግሞ 20 ዲግሪ ቢጨምር 3 ያህል መልሶ ያስነሣዋል። ሁለቱ ይካካሳሉ። በላዩ በመሮጥ የሚመጣውን ሙቀት ፋብሪካው አስቀድሞ ስላሰበበት የሚቀነስ ነገር የለም። የሚቀንስ ሰው ጎማውን ለበለጠ መታጠፍ፥ ለበለጠም ሙቀት አሳልፎ ይሰጠዋል።

ጎሚስታ ዘንድ ሲደርሱም አንድ ነገር መጠየቅ ይገባል። በጥርሱ በኩል የገባ ሚስማር ሊጠገን ይችላል፤ በጎኑ የተቀደደ ጎማ ግን ለጕዞ አይሆንም። ነፋስ ጨርሶ በሌለው ጎማ ጥቂት መንገድ እንኳ ተነድቶ ከሆነ ከቸርኬው ወጥቶ ውስጡ ይታይ። በውስጡ ጥቍር የላስቲክ ዱቄት ከተገኘ ወይም ጎኑ ዙሪያውን ከተላጠ፥ ቍስሉ ቢደፈንም አካሉ ሞቷል። ጎሚስታው ቸኵሎ ከውጭ ብቻ ደፍኖ ቢሰጥ ጥፋቱ የባለቤቱም ነው፤ አላስፈተሸምና።

ከሁሉ ይልቅ የአገራችንን ሰው የሚያሳስተው የጎማው ዕድሜ ነው። ላስቲክ ባይነዳም በአየርና በፀሐይ ይደርቃል። አያሌ መኪና ሠሪዎች ጎማ ከተሠራ ከ6 ዓመት በኋላ ጥርሱ ባያልቅም እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ ጎማ ሠሪዎችም 10 ዓመትን የመጨረሻ ወሰን ያደርጋሉ። በጎማው ጎን ላይ ዲ ኦ ቲ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደሎች ተቀርጸው፥ ከእነርሱ በኋላ በተከታታይ ከተጻፉት ምልክቶች መጨረሻ አራት አኃዞች ይገኛሉ። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፥ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። 3516 ቢል በ2016 ዓ.ም. በ35ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ 2016 የእኛ አይደለም፤ የፈረንጆች ነው። በእኛ አቈጣጠር ነሐሴ 2008 ዓ.ም. መሆኑ ነው። 16ን አይቶ በልማዱ በእኛ 2016 ዓ.ም. የተሠራ ነው የሚል ገዢ ጎማውን ከእውነተኛ ዕድሜው በ7 ወይም በ8 ዓመት ልጅ አድርጎ ይቈጥረዋል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ጥርሱ ሳይነካ፥ ወረቀቱ ሳይቀደድ ሸምግሎ የሚሸጥ ጎማ ስላለ፥ ገንዘብ ከመቍጠር በፊት አኃዙን ማየት ያስፈልጋል። ሙሉው ቍጥር የሚጻፈው በአንዱ ጎን ብቻ ነው፤ ያ ጎን ወደ ውስጥ ከተገጠመ ከመኪናይቱ ሥር ገብቶ በመብራት መፈለግ ግድ ነው። ልብስ ይቈሽሻል።

በጕዞ ላይ ሳሉ መሪው ያለ ምክንያት ቢንቀጠቀጥ፥ ከሥር ድብ ድብ የሚል ድምፅ በፍጥነቱ ልክ እየፈጠነ ቢሰማ፥ ወይም ቆመው ጎማውን ሲዳስሱ በአንድ ስፍራ እብጠት ቢገኝ፥ ይህ ጥርሱ መላቀቅ የጀመረበት ምልክት ነውና እስከሚቀጥለው ከተማ እንድረስ ማለት አይገባም። ምልክቱ ሳይታይ ቢፈነዳ ደግሞ ሾፌሩ ፍሬን በኀይል እንዳይረግጥ አስቀድሞ ይነገረው። መሪውን በሁለት እጁ አጽንቶ በቀጥታ ይያዝ፤ የነዳጁን እግር ቀስ ብሎ ያንሣ፤ መኪናይቱ በራሷ ፍጥነት ስትቀንስ በዝግታ ወደ ዳር ያውጣ። የኋላ ጎማ ሲሄድ የመኪናይቱ ጅራት ይወዛወዛል፤ በዚያን ጊዜ ፍሬን የረገጠና መሪ የጠመዘዘ ይገለበጣል። ሁለት አዳዲስ ጎማ የገዛ ሰውም ከፊት ሳይሆን ከኋላ ቢያስገጥማቸው የሚመከረው ስለዚሁ ነው። በጭነቱ ስፍራ የተቀመጡ ዘመዶች ግን መሪም ፍሬንም መቀነትም የላቸውም። በቤተ ሰብ መካከል ሰውን ከኋላ አታስቀምጡ ማለት ከባድ ነው፤ እምቢ ያለ ሰው ኵሩ ይባላል። ቢሆንም መኪናይቱ በተገለበጠች ጊዜ የሚወረወሩት ከኋላ የተቀመጡት ናቸውና፥ በአውቶቡስ የሚሄዱበትን ገንዘብ መስጠት ከዚያ ይሻላል።

የቀረው ስኮርታው ነው። በብዙ ፒክ አፕ ስኮርታው ከጭነቱ ስፍራ በታች በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ጭቃና የጭስ ማውጫ ሙቀት ሲቀበል ይኖራል። አራቱ ጎማዎች ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲለወጡ እርሱ ከመኪናይቱ ጋራ የመጣው ያው ነው። ጥርሱ ስለማያልቅ አዲስ ይመስላል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥዋት ሰንሰለቱን አስፈትተው ወደ መሬት ያስወርዱት፥ ጭቃውን በውኃ ያሳጥቡት፥ አራቱን አኃዞች ያንብቡ።